የአስፋልቱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

አንዲት እናት ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ አርኖና ከፍያለሁ፤ ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ። «ሄቴል ስሊላ» ነበር። ማዘጋጃ ቤት መንገድ ሲያነጥፍ ወጪውን በመንገዱ ዳር ንብረት ካላቸው ሰዎች በዚህ ስም ይሰበስባል፤ ሂሳቡ የሚወጣው በመሬቱና በሕንፃው ስፋት ነው። አርኖናን ተከራይም ይከፍላል፤ ይኼን ግን ባለቤቱ ነው የሚከፍለው። እናታችን ተከራይ ናቸው፤ ወረቀቱም የተጻፈው በአከራያቸው ስም ነው። እሳቸው ግን ዕብራይስጡን ማንበብ ስላልቻሉ ከጎረቤት ገንዘብ ሊበደሩ ነበር!

በማሽካንታ ቤት የገዛችሁ ግን ባለቤቶቹ እናንተው ናችሁ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አትርሱት፤ ዕዳው ካልተከፈለ ቤቱን ስትሸጡ ማዘጋጃ ቤቱ ለታቡ የሚሆነውን ማረጋገጫ አይሰጣችሁም። ቀኑ ሳያልፍ ሄዳችሁ አሰላሉን አሳዩን በሉ፤ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ።