ሳይጠሩ የገቡ እንግዶች
(በአባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሴ ኮምፒውተር ስለሆነ «ይሄ የጸሐፊዋ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ሁላችንንም ይመለከታል። የቁጠባችን ሒሳብ፣ የብድሩ መዝገብ፣ የአባላት ስልክ ቁጥርና ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ሪፖርት ያለው በዚያች አንዲት የቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መዝገቡ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ በነበረ ጊዜ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ እንጠይቅ ነበር። ዛሬም ያንኑ መጠየቅ አለብን።

ስለ ቫይረስ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ የምናገረው ባለሙያዎች «ላይፈለጉ የሚችሉ ፕሮግራሞች» ስለሚሏቸው ነው። ስሙ የለዘበው በምክንያት ነው። ቫይረስ ሰብሮ ይገባል፤ እነዚህ ግን በር አንኳኩተው፣ እኛኑ «እሺ» አሰኝተው ይገባሉ። አንድ እንግዳ ለሰርግ ስትጠሩ ሳይጠሩ የመጡ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ሲገባ አይታችሁ ይሆናል። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ፒዲኤፍ መለወጫ ወይም ቪዲዮ ማውረጃ በነፃ ስንጭን «ኔክስት፣ ኔክስት» እያልን እናልፋለን። በመካከሉ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ትንሽ ሣጥን አለ፤ «ይህንንም ጨምሬ ልጫን» ይላል። ነፃውን ፕሮግራም የሚያድለው ሰው አብሮ ለሚገባው ለእያንዳንዱ ክፍያ ያገኛል። ነፃ የተባለው ዋጋው በዚያ በኩል ነው።

እንዴት እናውቃቸዋለን? ብራውዘሩ ሲከፈት የማናውቀው ገጽ ይመጣል፤ የምንፈልገውን ስንጽፍ ወደ ሌላ መፈለጊያ ይወስደናል። ማስታወቂያ ይበዛል። ማንም ያልጫነው ፕሮግራም ስሙ ይታያል። ኮምፒውተሩ መንቀርፈፉ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ዕድሜውም፣ የሞላ ዲስክም ያንቀረፍፈዋል።

ከሁሉ የሚከፋው «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፤ ለማጽዳት ይክፈሉ» የሚለው ነው። ኦፊስ ዲፖ የተባለው የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ መደብር ለደንበኞቹ የኮምፒውተር ምርመራ ያደርግ ነበር። ፕሮግራሙ አስቀድሞ «ኮምፒውተሩ ይንቀረፈፋል ወይ?» የመሳሰሉ ጥያቄዎች ያቀርባል። የአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በክሱ እንዳስረዳው፣ ከጥያቄዎቹ በአንዱ ላይ እንኳ ምልክት ከተደረገ ውጤቱ «የጎጂ ፕሮግራም ምልክት ተገኝቷል» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መደብሩና ፕሮግራሙን ያቀረበው ሰፖርት ዶት ኮም በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ስለዚህ ስክሪን ላይ የመጣ ማስፈራሪያ ሁሉ እውነት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከኋላው ፕሮግራም እንኳ የለም፤ አንድ ቀን አንድ ድረ ገጽ «መልእክት ልላክልህ?» ሲል ፈቅደንለት ነው። ብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ከፍቶ ያንን ፈቃድ መሰረዝ ይበቃል።

ወደ ማስወገዱ ልምጣ። መጀመሪያ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጡ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አፕስ የሚለውን ክፈቱ፤ ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ቅደም ተከተል አስይዙት። ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን ታገኙታላችሁ። ስሙን የማታውቁትን ሁሉ ግን አትሰርዙ፤ የፕሪንተሩም ፕሮግራም እዚያው ነው። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጣሩ፤ ከዚያ አንኢንስቶል በሉት። ፎልደሩን ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

ሦስተኛው ብራውዘሩ ነው። ኤክስቴንሽን በሚለው ሥር የማታውቁትን አስወግዱ፤ የመክፈቻ ገጹንና መፈለጊያውን ወደ ነበሩበት መልሱ። አራተኛ፣ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሙሉ ፍተሻ አድርጉ። እዚያው «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» ውስጥ ላይፈለጉ የሚችሉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ማብሪያ አለ፤ መብራቱን አረጋግጡ። የቀረ ካለ የማልዌርባይትስ ድርጅት አድደብሊውክሊነር የተባለ ነፃ መሣሪያ አለው፤ ከድርጅቱ ከራሱ ገጽ ብቻ ይወረድ። በመጨረሻም ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ እንደገና ተመልከቱ፣ የኢሜይሉንና የባንኩን ፓስወርድ ቀይሩ።

ይህን ያህል ድካም ለምን? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከሸጣቸው ላፕቶፖች በአንዳንዶቹ ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ከፋብሪካው ተጭኖ ነበር። ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል በተጠቃሚውና በባንክ ገጾች ሳይቀር መካከል ይገባ ነበር። ፕሮግራሙ ከጠፋ በኋላም ያስገባው የደኅንነት ሰርተፍኬት እዚያው ይቀር ስለነበር በሩ ክፍት ሆኖ ይቆይ ነበር። ዋናውን አስወጥቶ የተወውን አለመፈለግ ግማሽ ሥራ ነው።

ከማስወገዱ ይልቅ አለማስገባቱ ይቀላል። በአማርኛ ለመጻፍ ከየሜዳው ፕሮግራም ማውረድ ግድ አይደለም፤ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ጽሑፍን ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥም ዊንዶውስ 10 እና 11 «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚል አላቸው። ያለንን ትተን ከማናውቀው ማምጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

እንግዲህ ለዛሬው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቼካችን ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ፕሮግራምም ያለ ሁለት ሰው አይጫን። የጸሐፊዋ መግቢያ የተራ ተጠቃሚ ይሁን፤ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በገንዘብ ያዣችን እጅ ይቀመጥ። ብራውዘር ላይ የሚለጠፉትን ይህ ስለማያግድ እነሱን በየወሩ እንያቸው። ሁለተኛ፣ መዝገቡ በየሳምንቱ በፍላሽ ይገልበጥ፤ ፍላሹም ተነቅሎ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ። ሦስተኛ፣ ስክሪን ላይ በመጣ ማስታወቂያ ምክንያት ከማኅበሩ ገንዘብ አንድ ብር እንኳ አይከፈል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማን ጫነው?» ይሆናል፤ ዓይናችንም ወደ ጸሐፊዋ ይዞራል። እህቶቼ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የተማረውንም ሰው እንዲያታልሉ ነው። ልጅቷን ካሳፈርናት በሚቀጥለው ጊዜ ያየችውን ትደብቃለች፤ ምናልባትም ከኪሷ ከፍላ ልታስጸዳው ትሞክራለች። የደበቀችው ነገር መዝገባችን አጠገብ ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ «መቼ አየሽው? ምን ይላል?» ብለን እንጀምር። ቶሎ የምትነግረን ልጅ ከማንኛውም አንቲቫይረስ ትበልጥብናለች።

 ከሻይ በኋላ ኮምፒውተሯን ከፍተን ዝርዝሩን አብረን እናየዋለን፤ ማየት የምትፈልጉ ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ።