ሶላር ላለው ቤት የሚጨመር ዕቃ ዋጋውን ይመልሳል ወይ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር)



ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነቱ ጊዜ መቀሌ መብራት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አይታለች። ከተማችን ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ሶላር በየጣሪያችን የበዛው ያ ጊዜ ስላስተማረን ነው። አሁን ደግሞ «ሶላር ካላችሁ ይህን ጨምሩበት፣ ይቆጥብላችኋል» እያለ በየበሩ የሚያንኳኳ ነጋዴ በዝቷል። አንዳንድ አባሎችም ከማኅበሩ ሣጥን ብር ወጥቶ ዕቃው በጅምላ ይገዛልን ብላችሁ ጠይቃችኋል። ሣጥኑ ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ብለን ያዋጣነው ነው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ባለ 100 ዋት አንድ ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ 5 ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በሽቦና በባትሪ የሚጠፋው ሲቀነስ ማታ እጃችን የሚገባው 350 ቢሆን ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ 300 ይበላል። ብቻውን ጨረሰው ማለት ነው! ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ግን በዚያው 5 ሰዓት 45 ብቻ ይወስዳል። እንግዲህ አምፖል መለወጥ ያዋጣል ስንል ወሬ አይደለም፣ ቁጥር ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድስ? ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ቢጋገርበት የዚያችን ሰሌዳ የ10 ቀን ምርት ይውጣል። ሰሌዳችሁ እንጀራ ያስጋግራል የሚላችሁን ሰው በሰላም ሸኙት።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሶላር ብቻ የሚጠቀም ቤት ቆጣሪ የለውም፤ ስለዚህ የሚያተርፈው ከወር ሒሳብ ላይ አይደለም። የሚያተርፈው ከባትሪው ዕድሜ ነው። የአሲድ ባትሪ በየማታው እስኪደርቅ ከተጠቀምንበት ቶሎ ይሞታል፤ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ከቆየ ግን ዕድሜው ይረዝማል። ባትሪ መለወጥ ደግሞ ከሁሉም የከበደው ወጪ ነው። ቀትር ላይ ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚመጣ ፀሐይ ግን የሚጠራቀምበት ቦታ የለውም፣ ይባክናል። ስልክና የእጅ ባትሪ ያን ጊዜ ይሞላ፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ኢንቨርተርም ምንም ሳይሠራበት ይበላልና ከመኝታ በፊት ይጥፋ። ሰሌዳው ላይ የተኛውን አቧራ ጠዋት ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም እንዲሁ በነፃ ነው።

የመስመር መብራትም ያለን ቤቶች ሒሳባችን ሌላ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል፤ ብዙ የተጠቀመም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። እዚህ ላይ ቴርሞስ ይጠቅማል፤ አንዴ የፈላ ውሃ ቀኑን ሙሉ ያገለግላልና። ደግሞም ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ባቄላና ሽንብራ ቶሎ አይበስልም። ማታ መዘፍዘፍና ድስቱን መክደን ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ ይቀድማል።

ሶኬት ላይ ተሰክታ «ቆጣሪውን ትቀንሳለች» የምትባለዋ ትንሽ ሣጥንስ? የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው በእርግጥ የተበላውን ኃይል ነው። ሣጥኗ አምፖሉም ምጣዱም የሚበላውን አትቀንስም። ለሶላር ባትሪም የምትጨምረው የለም። አትግዙ።

ለሌላው ዕቃ ሁሉ መለኪያው አንድ ነው፤ ዋጋውን በወር ለሚያስቀረው ብር አካፍሉት። ለምሳሌ 1,200 ብር የተገዛ ዕቃ በወር 100 ብር ቢያስቀር በ12 ወር ራሱን ይመልሳል። ዕቃው ሁለት ዓመት የሚሠራ ከሆነ አዋጣ፤ በስምንት ወር የሚበላሽ ከሆነ ከሠርን። ዋስትናው በወረቀት ይጠየቅ።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። ከሣጥኑ ለቆጣቢ ዕቃ ብር አይውጣ። የድሮ አምፖል ያላቸው ቤቶች ይመዝገቡ፤ ኤል ኢ ዲ አምፖል እያንዳንዱ በራሱ ብር፣ ግን በአንድነት በጅምላ ዋጋ ይገዛ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን ካሉ ስማቸው ለብቻው ይቅረብና እንመካከርበት። በሚቀጥለው ስብሰባ በእጅ ብልጫ ይወሰናል። የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ከዚያ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ያስታውቅ።