የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ ስለ ማረም

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዓመት መቁጠሪያ የተመለከተ ሰው፥ ዋልያውን፥ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን በፎቶግራፍ ሳያይ አይቀርም። ፎቶግራፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር የሚታረም መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በዛሬው ንግግሬ ከዚህ እርማት የትኛው ተገቢ፥ የትኛውስ እንስሳውን የሚያስዋሽ እንደሆነ ጥቂት ለማስረዳት አስቤአለሁ።

እርማት ሁሉ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ካሜራ እንደ ሰው ዓይን አያይም። ዓይናችን በፀሐይ ያለውንና በጥላ ያለውን ባንድ ጊዜ ለይቶ ሲመለከት፥ ካሜራ አንዱን ለማሳየት ሌላውን ያጨልማል። ስለዚህ በቀትር የተነሣ እንስሳ ፊቱ ጠቁሮ ዓይኑ የጠፋ እንደሆነ፥ ጥላውን ጥቂት ማብራት ዓይን ያየውን መመለስ ነው እንጂ አዲስ ነገር መጨመር አይደለም። ለዚህም ካሜራው ጨምቆ ካዘጋጀው ምስል ይልቅ፥ ብርሃኑን እንደ ተቀበለ ያስቀመጠው ጥሬ ምስል ይሻላል፤ ጨለማ በሚመስለው ክፍሉ ውስጥ ብዙ ነገር ተሰውሮ ይገኛልና። ፈጽሞ የነጣው ግን አይመለስም፤ ነጭ ላባ ያለውን ወፍ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ብርሃኑን ይቀንስ።

በከሚሴ አጠገብ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰውን የጨፋን ረግረግ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። በበጋ ወራት የኦሮሞ፥ የአፋር፥ የአርጎባና የአማራ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ወደዚያ ያወርዳሉ፤ የውሃ ወፎችም በዚያው ይሰበሰባሉ። እኔም አንድ ቀን ከላሞች እግር ሥር ፌንጣ የምትለቅም ነጭ ወፍ አነሣሁ። ሥዕሉ እንዲያምር ብዬ የላሚቱን እግርና ጭራ፥ ከበስተኋላም የእረኛውን በትር አጥፍቼ ቦታውን በሣር ሸፈንሁት። ወፏ ብቻዋን ቆማ እጅግ አማረች። የዚያ አገር ሰው የሆነ ወዳጄ ግን ባየው ጊዜ ሣቀና፥ «ታዲያ ይህች ወፍ ምን ልትበላ እዚህ ቆመች?» አለኝ። ይህች ወፍ ከከብት ኋላ የምትሄደው የከብቱ እርምጃ የሚያስነሣውን ተባይ ለመልቀም ነውና፥ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ በሣቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ስለ ረግረጉ ከሚጻፍ ሪፖርት ጋር የተያያዘ እንደሆነ፥ ሥፍራው ሰውና ከብት የማይደርስበት ባዶ መስክ መስሎ ይታያል፤ ስለ ግጦሹ የሚወስነው ሹምም በጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ያምናል።

የቀለም ጉዳይ ከዚህ ይረቃል። ከከሚሴ ቆላ በስተደቡብ ወደ መንዝ ደጋ የወጣ ሰው፥ በጓሳ ሣር ላይ የጭላዳ መንጋ ያገኛል። በወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ገላ ጌጥ ብቻ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ሴቶችን የሚመሩት ወንዶች ደረታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀይ ነው፤ ከመሪዎቹም ብዙ ሴቶች ያሉት ይበልጥ ይቀላል። እንግዲህ አራሚው ለውበት ሲል ቀዩን ያጋነነ ጊዜ፥ ለተራው ወታደር የሻለቃ ማዕረግ ሰጠው ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እንስሳው ባለበት ብርሃን አንድ ግራጫ ካርቶን አብሮ ማንሣትና፥ በኋላ ቀለሙን በእርሱ መዝኖ ማስተካከል ይበቃል።

በዚህ ነገር ታላላቆቹም ተሰናክለዋል። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 በግብጽ ፒራሚዶች ፊት ግመሎች ሲያልፉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለሽፋኑ ቁመት እንዲመች ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራርቦ በማተሙ ለብዙ ጊዜ ተወቅሷል። ዛሬማ መሣሪያው የደበዘዘውን ጠጉር አጠራለሁ ሲል ያልነበረ ጠጉር ይስላል።

ስለዚህ የታረመውን ለብቻው፥ ዋናውን ለብቻው ማኖር፥ የተደረገውንም እርማት በአጭሩ ጽፎ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ በመዝገብ ቤት ለምትሠሩ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም የዚያችን ወፍ ዋና ምስል ስላልጣልሁት ላሚቱን ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ፤ ጭራዋ የወፏን ክንፍ በጥቂቱ ይጋርዳል።