ሻጭ የሌለው ሱቅ ያተርፋልን?

(በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች ከማኅበሩ ገንዘብ ወጥቶ ራሱ የሚሸጥ መኪና ይገዛልን፤ በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ይቁምልን፤ ሌሊት ለሚያጠናው ተማሪ ቀዝቃዛ መጠጥና ብስኩት ያቅርብልን ሲሉ ጠይቀዋል። እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ወደ ማደሪያዬ ገብቼ ሒሳቡን ስሠራው ግን እጄን ለማውረድ ተቃረብሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያንኑ ሒሳብ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መኪናው ደመወዝ አይጠይቅም፤ አይተኛም፤ ለለቅሶ አይቀርም ተብሏል። እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀበለውን ገንዘብ ካላወቀና ኤሌክትሪክ ካላገኘ ባዶ ሣጥን ነው።

ከገንዘቡ እንነሣ። ባለሱቅ የተቀደደ ብር ብንሰጠው በብርሃን አገላብጦ ያየዋል፤ መልስ ቢያጣ «ነገ ትሰጠኛለህ» ይላል። መኪና ግን የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው። በአሜሪካ የአንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ዋጋ ከ60 ዓመት በላይ ከ5 ሳንቲም አልተነቃነቀም። ከምክንያቶቹ አንዱ በየስፍራው የቆሙት መኪኖች ከአምስት ሳንቲሟ በቀር ሌላ አለመቀበላቸው ነበር። ወደ 10 ሳንቲም ቢወጣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ በመካከል ደግሞ አንድ ወጥ ሳንቲም የለም። ስለዚህ በ1953 ኩባንያው 7 ሳንቲም ተኩል የሚያወጣ ገንዘብ ይቀረጽ ዘንድ እስከ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ድረስ አመለከተ፤ አልተፈቀደለትም። ከዘጠኝ ጠርሙስ አንዱ ባዶ ይሁን የሚል ሐሳብ እንኳ ቀርቦ ነበር!

በጃፓን ደግሞ በ1990ዎቹ አታላዮች የደቡብ ኮሪያን 500 ዎን ሳንቲም እየፋቁና እየበሱ ክብደቱን ቀነሱና የጃፓን 500 የን አስመስለው ለመኪናው አጐረሱት። ዋጋው ግን የአንድ አሥረኛ ያህል ነበር። በ2000 መንግሥት ሳንቲሙን ለወጠ። በ2021 እንደገና ሲለውጥ ባለመኪኖቹ የመኪናውን አፍ ለማስተካከል ከኪሳቸው ማውጣት ግድ ሆነባቸው።

ወደ እኛ ስንመለስ፤ በአንድ ብር ሳንቲም አንድ ጠርሙስ ለመግዛት ኪስ ሙሉ መያዝ ያስፈልጋል። ወረቀቱም ቢሆን በ2020 ተለውጧል፤ ያን ጊዜ መኪና ኖሮን ቢሆን የአሮጌውን ብር መልክ አጥንቶ በጥቂት ወር ውስጥ ዕውር በሆነ ነበር። ከ2021 ወዲህ ቴሌብር መምጣቱ መንገዱን አቅልሎታል። ሆኖም ገንዘቡ ከስልካችን ከወጣ በኋላ ዕቃው ሳይወድቅ ኔትወርክ ቢቋረጥ ማንን እንጠይቃለን? አንድ ተማሪ ብሩን ሲበላ ያየ ሌላ ተማሪ ዳግመኛ ወደዚያ መኪና አይጠጋም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ለምሳሌ ማቀዝቀዣው በአማካይ 300 ዋት ይፈልጋል እንበል። በቀን 7.2፤ በ30 ቀን 216 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። መቶ ጠርሙስ ብንሸጥም፤ አንድም ባንሸጥ ይኸው ነው። በቀን መቶ ብንሸጥ ለአንዱ ጠርሙስ የሚደርሰው 0.072 ነው፤ አሥር ብቻ ብንሸጥ 0.72። በክረምት ዕረፍት ግቢው ባዶ ሲሆንም ቆጣሪው አያርፍም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጠጡ ይሞቃል፤ ሽያጩም ይቆማል። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ካለ የማቀዝቀዣው ሞተር ሊቃጠል ይችላል። መብራት በጠፋ ምሽት በሻማ ሻይ የምታቀርብልን እናታችን ግን መሸጧን አታቋርጥም፤ ዱቤም ትሰጣለች።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ2011 በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ላይ አደጋ ሲደርስ ጃፓን የኤሌክትሪክ እጥረት ገጠማት፤ የቶክዮ ገዥ ኢሺሃራም መኪኖቹን ነቀፏቸው። መሐንዲሶቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። የሣጥኑን ግድግዳ ሙቀት እንዳያስገባ አድርገው ሠሩትና፤ በ2013 ሌሊት አቀዝቅዞ ቀን እስከ 16 ሰዓት ማቀዝቀዣውን ሳያስነሣ መጠጡን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቈይ መኪና ለገበያ ወጣ። ከዚህ የምንማረው መኪናውን ለኤሌክትሪኩ ጠባይ ማስማማት እንደሚቻል ነው።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። መኪናውን አንጣለው፤ ነገር ግን በመጠጥ አንጀምር። ብስኩትና ኦቾሎኒ ማቀዝቀዣ አይሻም፤ ሞተሩ የሚዞረው በሽያጭ ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ስለ ሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል። ክፍያው በስልክ ይሁን፤ ዕቃው ካልወደቀ ገንዘቡ ወዲያው እንዲመለስ ሻጩ ኩባንያ በውል ይፈርምልን። ከሁሉ አስቀድመን ግን አንድ ወር ሙሉ በየሌሊቱ በቤተ መጻሕፍቱ የሚያመሸውን ተማሪ እንቁጠር። ቁጥሩ ካልበቃ መኪናው አይገዛ።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይባላል። የምናወጣው ገንዘብ ከየአንዳንዳችን ኪስ የተዋጣ ነው፤ ብዙው ከቤት የተላከ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት እንቁጠር።