ወደ ዐረብ አገር ከመሄድ በፊት ስለሚያዝ ሒሳብ
(በሰፈራችን የልማት ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ከቡታጅራም ከወልቂጤም ወደ ሳውዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት የሚሄድ ልጅ የሌለው ሰፈር የለም። ሂዱ ወይም ቅሩ ለማለት አልቆምኩም። የምናገረው ከመሄድ በፊት ስለሚወጣው ገንዘብ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድንን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ለሠራተኛዋ የተዋት ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና ይህን የመሰለውን ነው። በ2013 ዓ.ም. ማሻሻያ ወጥቷልና ዝርዝሩን ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እንግዲህ ደላላ መጥቶ «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ አምጡ» ሲል ያልበላችሁትን ዕዳ ክፈሉ ማለቱ ነው። ስንት በሬ የተሸጠው፣ ስንት የእንሰት ማሳ በመያዣ የሄደው ለዚሁ ነው!

ለአዲስ አበባው ምልልስም ሒሳብ ያዙ። ለአንድ ወረቀት አንድ ጉዞ ከሆነ መሳፈሪያውና አልጋው ከወረቀቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዕቁብ ልምጣ። ዕቁብ ለእኛ ባንካችን ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ዕጣው ቀድሞ የወጣላት ልጅ ገንዘቡን ይዛ ስትሄድ የሚቀረውን ማን ይጥላል? ዋሱ ነዋ! ዋሱ ደግሞ ጎረቤት ነው፤ ቡና የምንጠጣው ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ የምትሄድ ልጅ ከዳኛው ጋር ተነጋግራ የመጨረሻውን ዕጣ ትውሰድ፤ አለዚያም እስኪያልቅ የሚጥልላትን ሰው በጸሐፊው ፊት አቁማ ትሂድ።

ሒሳቡን በብር ሳይሆን በደሞዝ ቁጠሩት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ስለተለቀቀ የዛሬው ስሌት ለከርሞ አይሆንም። የ2 ዓመት ውል 24 ደሞዝ ነው። ዕዳ 6ቱን ከበላ፣ ቤተሰብ 10ሩን ከፈለገ፣ ለልጅቷ የሚቀራት 8 ብቻ ነው። ወላጆች ይህን እወቁልኝ። ሪያሉ መስከረም ላይ ሲደርስ ሁሉም ለመስቀል በሬና ቅቤ መዋል የለበትም። (ክትፎ ይቅር አልልም፤ ብልስ ማን ይሰማኛል!) ልጅቷ ሳትሄድ በራሷ ስም የባንክ ደብተር ታውጣ፤ የሷ ድርሻ እዚያ ይግባ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወረዱ። ዕዳው ግን ደጃፍ ላይ የጠበቃቸው ነበሩ።

በመጨረሻም፣ የውሉን አንድ ቅጂ ለእናታችሁ ትታችሁ ሂዱ። ደሞዙ ስንት፣ የሚከፈለው በየስንት ጊዜ፣ ትኬቱ በማን እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከመፈረም በፊት የሚያነብላችሁ የምትሹ እኅቶች እሑድ ከቀትር በኋላ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ።