ከአቡጊዳ የምንማረው፦ ስለ ማስታወስና ዳግመኛ ስለ መማር



ይህን ርእስ ያስመረጠኝ በዚህችው በመቐለ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል ነው፤ «የተማርሁት ሁሉ ጠፍቶብኛል»። እንዲህ የሚሉት በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በጦርነቱ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ናቸው። ደብተሩ ከነቤቱ የጠፋበትም አለ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «እንደ አዲስ ከሀ ጀምር» ልንለው ይገባል?

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና የመርሳትን ፍጥነት ለክቷል። ብዙዎቻችን ከዚህ ሥራ የምናውቀው ቁልቁል የሚወርደውን የመርሳት መስመር ነው። ለእኛ የሚበልጠው ግን መለኪያው ነው። ኤቢንግሃውስ የለካው ዳግመኛ ለመማር የወሰደበት ጊዜ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንዳጠረ ነበር። ጨርሶ የጠፋ የሚመስለው ትምህርት ሁለተኛ ሲጠና ፈጥኖ ይያዛል። ስለዚህ ተማሪያችን ባዶ አይደለም፤ የተቀበረውን የሚያወጣበት መንገድ ነው ያጣው።

መንገዱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ይማራል። ሀሁ በተርታ ስለሚወርድ፣ ልጁ ፊደሉን ሳይለይ ዜማውን ብቻ ይዞ ሊሮጥ ይችላል። አቡጊዳ ይህን ምርኩዝ ይነጥቀዋል፤ አ ግእዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ እያለ ፊደሉንም ድምፁንም አብሮ ያፈራርቃል። በእኛ ፈተና የጥያቄው ቅደም ተከተል ሲለወጥ የሚደነግጠው ተማሪ አቡጊዳ የጎደለው ተማሪ ነው።

የቃል ትምህርቱ ደግሞ በምሽት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ይሰጣል። ታናሹ ከቀደመው ተማሪ አፍ ይቀበላል፤ ኋላም ያለ መጽሐፍ በቃሉ ይመልሳል። የድጓውንም ምልክት አስተውሉ። ከቃላቱ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት ፊደላት ዜማውን በሙሉ አይናገሩም። ቀድሞ በቃል ከተያዘ ዜማ የተቀነጨቡ በመሆናቸው፣ ለማያውቅ ሰው ዝም ይላሉ፤ ለሚያውቅ ግን ሐረጉን በሙሉ ይቀሰቅሱለታል። በባሕረ ሐሳብም የዕለታቱ ተውሳክ ከቅዳሜ 8 ተነሥቶ አንድ አንድ እየቀነሰ ዓርብ ላይ 2 ይሆናል። ሰባት ቁጥር የሚሸመደድ ይመስላል እንጂ፣ በአእምሮ የሚቀመጠው አንድ ቁጥርና አንድ ሕግ ብቻ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን ይህን ልብ ብትሉልኝ ደስ ይለኛል።

ሁሉንም እያወደስሁ አይደለም። አለንጋው ይቅር። ዳዊትን በግእዝ እየደገመ ትርጉሙን ሳያውቅ የሚያድገው ልጅም ብዙ ነበር፤ ትርጓሜው የሚገኘው በመጽሐፍ ቤት ነውና እዚያ ሳይደርስ ለሚቀረው ቃሉ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ እኛ ሽምደዳን ስንኮንን፣ ከማስታወሻ ሳያዩ የማስታወስን ልምምድም አብረን ጥለነዋል።

ዋጋውን ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። አንድን ምንባብ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ 81 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ በድጋሚ ንባቡ ፈንታ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት 75 በመቶውን አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 42 ሲወርዱ፣ ሁለተኛዎቹ በ56 ላይ ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ በፈተና ዋዜማ የሚያታልለንም ይኸው ነው።

እኔ በክፍሌ የማደርገው ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ደብተር ይዘጋል፤ ተማሪዎች ያለፈውን ትምህርት፣ ጨምረውም ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረውን፣ በባዶ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው ራሳቸው ያርማሉ። ነጥብ አይሰጥበትም፤ ነጥብ ከገባበት የሚሠራው ፍርሃት ነው። ትምህርት ለተቋረጠበት ተማሪ ደግሞ ማካካሻው ከመጀመሩ በፊት ይህችው ባዶ ወረቀት ትቅደም። አንዳንዱ ሁለት መስመር ጽፎ ያቆማል፤ ሌላው ግማሽ ገጽ ሞልቶ በራሱ ይገረማል። መምህሩም ከየት መጀመር እንዳለበት ያኔ ያውቃል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የትምህርቱ ይዘት ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል» ይሉኛል። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ እኔም በየወሰነ ትምህርቱ ጥቂት ርእሶች ይቀሩብኛል። የትኞቹ ይቅሩ የሚለውን ግን ብቻዬን መወሰን አልፈልግም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር መወያየት የምሻውም በዚሁ ላይ ነው። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።