ወፍ ሲንጫጫ
በመርካቶ ግቢዎች ስለሚገኙ ወፎች በሬዲዮ የተደረገ ንግግር

ክረምቱ አልፏል፤ መስከረም ጠብቷል። ጭቃው ደረቅ ብሏል፤ ሰማዩ ጠርቷል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወፍ ነው።

«በመርካቶ ደግሞ ምን ወፍ አለ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ የሁለተኛ ክፍል መምህር ነኝ። አንድ ቀን ተማሪዎቼን «በግቢያችሁ ስንት ዓይነት ወፍ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የእኛ ግቢ መኪና ማቆሚያ ነው» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ግን ያው ልጅ እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ አራት ዓይነት አገኘሁ!» አለ። ወፎቹ በዚያን ቀን የመጡ አይደሉም፤ ድሮም ነበሩ። እሱ ነው ገና ያያቸው።

እስቲ ከንጋት እንጀምር። ሰው የእጅ ሰዓት ሳያስር «ወፍ ሲንጫጫ ተነሥ» ይባል ነበር። መርካቶ ሊነጋ ሲል ከአንዋር መስጊድ አዛን ይሰማል፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም የጸሎት ድምፅ ይሰማል። ሱቆች ገና አልተከፈቱም። የተሸካሚው «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ገና አልተጀመረም። በዚያች አጭር ጊዜ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ።

መጀመሪያ የምትሰሙት ከቆርቆሮው በላይ ነው። «ኩ… ኩ… ኩ…» ይላል። ይህ የርግብ ድምፅ ነው። ቀና ብላችሁ እዩ። ዓይኗ ዙሪያውን ቀይ ከሆነና ክንፏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካለ አንዷ ዓይነት ናት። መልኳ ግራጫ ሆኖ ማጅራቷ ላይ ነጭ መቀነት የመሰለ ካለባት ሌላ ናት። ይህችኛይቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር አትገኝም። ሰው ከሩቅ አገር እሷን ለማየት ብቻ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። እናንተ ግን ከጣሪያችሁ ላይ በነፃ ታዩአታላችሁ።

ቁራም አለ። የእኛ ደጋ ቁራ መንቁሩ ወፍራም ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። በዓለም ካሉት ቁራዎች ከትልልቆቹ ይቆጠራል። ተልኮ የማይመለስን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ያለው ቁራ ግን ሁልጊዜ ይመለሳል!

በመስከረምና በጥቅምት እንግዶችም ይመጣሉ። ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች በየሜዳው የምትራመድ ቀጭን ወፍ አይታችኋል? እንደ መቀስ የተከፈለ ጅራት ያላትና በአየር ላይ ነፍሳት የምትለቅም ጨረባስ? ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ናቸው። እዚያ ብርድ ሲበረታ በረሃና ባሕር አቋርጠው ወደ እኛ ይመጣሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ።

አሁን ስለ እናቴ ላውራችሁ። እናቴ እህል በረንዳ እህል ታበጥር ነበር። ፊደል የለየችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ዓይኗ አቧራ እንደያዘ ትማር ነበር። «ፊደል ሳላውቅ በፊት ታፔላው ሁሉ ጭረት ነበር። ፊደል ካወቅሁ በኋላ ግን መንገዱ ሁሉ ያናግረኝ ጀመር» ትለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በግቢያችን አንድ የኮክ ዛፍ ነበረ። በእሱ ላይ ዋኖሶች ጎጆ ሠሩ። እኔም ወንጭፍ ነበረኝ። አንድ ጠዋት አነጣጥሬ አንዷን ጣልኋት። ጀግና የሆንሁ መስሎኝ ይዤያት ወደ እናቴ ሮጥሁ። እናቴ አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። እጄን ይዛ ወደ ዛፉ ወሰደችኝና ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። በጎጆው ውስጥ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ነበሩ።

ዋኖስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ወንዱም ሴቷም በተራ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሁለቱም ከጉሮሯቸው ወተት የመሰለ ምግብ እያወጡ ይመግቧቸዋል። ያን ጊዜ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የቀረው ዋኖስ ብቻውን ሁለት ቀን ታቀፈ። በሦስተኛው ቀን ጎጆው ባዶ ነበር። እናቴ «አየህ ልጄ፣ አንድ ወፍ አይደለም የገደልኸው፤ ቤት ነው ያፈረስኸው» አለችኝ። ወንጭፌን ያን ዕለት እሳት ውስጥ ጨመርሁት። ዛሬ ተማሪዎቼን ወፍ የማስቆጥራቸው ለዚህ ነው።

የመስቀል ወፍንም ሳላነሣ አላልፍም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚልን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን። ታዲያ የመስቀል ወፍ ቀሪውን ዓመት የት ትሄዳለች? በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች በየቦታው ይለያያሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን የትም አይሄዱም። ወንዱ በበጋ ቡናማ ነው፤ ድንቢጥ ይመስላል፤ ማንም ልብ አይለውም። ዝናብ ሲመጣ ላባውን ይለውጣል። ጥቁርና ቢጫ፣ ወይም ጥቁርና ቀይ ይለብሳል። ያን ጊዜ ሁላችንም «መጣ!» እንላለን። እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነበር። የእናቴ ታፔላም እንዲሁ ነው። ፊደሉ ድሮም እዚያው ነበር፤ ማንበብ ነው በኋላ የመጣው።

የመስቀል ወፍን ለማየት ሣርና ውሃ ወዳለበት፣ ለምሳሌ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም ወደ እንጦጦ በኩል ወጣ ማለት ይሻላል። በመርካቶ ግቢ ውስጥ ግን ርግብ፣ ዋኖስ፣ ድንቢጥና ቁራ አይጠፉም። ከላይ ደግሞ ጭላት ይዞራል።

ጥንብ አንሣም አለ። ሰዎች ይጠሉታል። ነገር ግን የበሰበሰውን እየበላ ከተማ ያጸዳል። አናቱ መላጣ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግቧል። ከምክንያቶቹ አንዱ መርዝ ነው። ለውሻ ወይም ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ በውሻው ወይም በአይጡ አይቆምም። የሞተውን እንስሳ ያነሣውም ይሞታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ቀላል ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በግቢያችሁ አንድ ዛፍ ካለ አትቁረጡት። ቦታ ከጠበበ ቅርንጫፉን ብቻ ከርክሙ። ሁለተኛ፣ በአሮጌ ሳህን ንጹሕ ውሃ አስቀምጡ። ውሃውን በየቀኑ ለውጡ፤ የቆየ ውሃ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ልጁ ወንጭፍ ሲይዝ አትምቱት፤ ጎጆውን አሳዩት።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል። የእኛም አገር ወፍ የሚጮኸው በእኛው ጣሪያ ላይ ነው። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሉ። ከአንዱ ጀምሩ።

የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ነገ ወፍ ሲንጫጫ ተነሡ። በደጃችሁ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ በደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ያያችሁትን ወፍ መልክ፣ የሰማችሁትን ድምፅና ቀኑን። ስሙን ካላወቃችሁ ጎረቤት ጠይቁ። ጎረቤትም ካላወቀ ስም አውጡለት።

መልመጃ
እነዚህን ቃላት አንብቡ፤ ከዚያም በእያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ርግብ፣ ዋኖስ፣ ቁራ፣ ጎጆ፣ ላባ።

በሚቀጥለው ጊዜ እስክንገናኝ በደኅና ቆዩ።